በቁጠባችን ላይ ስለምንሞላው መስመር

ባለፈው ወር የማኅበራችን የችግረኛ ተማሪዎች ድጋፍ ኮሚቴ በተሰበሰበ ጊዜ አንድ ነገር ሆነ፤ እኛም ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ይህን የምንጽፈው ከኤረርና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ነን፤ ከመካከላችንም ሁለቱ በኮሚቴው ውስጥ ተቀምጠው ድምፅ የሰጡ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነበበው ወቀሳ አስቀድሞ የሚያርፈው በራሳችን ላይ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የድጋፉን ነገር የማያውቅ ካለ ባጭሩ እንንገረው። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ከመምህራን በፈቃዳቸው የሚዋጣ፣ ከአባላት መዋጮ የሚተርፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ከበጎ አድራጊ ነጋዴ የሚገኝ ነው። በዚሁ ገንዘብ ለችግረኛ ተማሪ ደብተርና የፎቶ ኮፒ ዋጋ፣ ሳሙና፣ ለእኅቶቻችን የወር አበባ መጠበቂያ፣ ትምህርት ሲዘጋም ወደ አገር ቤት መሳፈሪያ ይሰጣል። አመልካቹ አንድ ፎርም ይሞላል፤ ከቀበሌው ያወጣውን የድኅነት ማስረጃም ያያይዛል። በፎርሙ ላይ በተራ ቁጥር ስድስት እንዲህ የሚል አለ፦ «በእጅዎ፣ በባንክ ወይም በሌላ መንገድ ያጠራቀሙት ገንዘብ ካለ መጠኑን ይግለጹ።» ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህች መስመር ነው።

ፎርሞቹን አንድ በአንድ ስናነብ በተራ ቁጥር ስድስት ላይ የምናገኘው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «የለኝም»። ጥቂቶች ሰረዝ አስምረው አልፈዋል። አንዲት እኅታችን ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በስልኬ 1,000 ብር፤ በአያቴ ዘንድ ሁለት ፍየል።» ይህች ልጅ የኤረር ልጅ ናት። እናቷ ከአትክልት ቦታ ብርቱካንና ሎሚ ተረክባ በመኪና መንገድ ዳር ትሸጣለች፤ አባቷ በሕይወት የሉም። ኮሚቴው ግን ቁጥሩን ባየ ጊዜ ስለ እናቷም ስለ አባቷም አላነበበም። አንዱ «ይህችስ አላት» አለ፤ ሌላው ሣቀ፤ ፎርሟም ወደ ጎን ተደረገ። እኛም እጃችንን አወጣን።

ሳምንት ሳይሞላ በዚያው ዕለት ድጋፍ ከተፈቀደላቸው አንዱ፣ ስሙን አንጽፍም፣ ሻይ እየጠጣን ሳለ ራሱ አጫወተን። ገንዘቡን በወንድሙ ስልክ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ከዚያችም ልጅ ገንዘብ ብዙ እጥፍ ነው። «ለምን አልጻፍከውም?» ብንለው፣ «ብጽፈው ትሰጡኝ ነበርን?» ሲል መለሰልን። መልስ አጣን። ምክንያቱም የጻፈችውን አልሰጠናትም።

አሁን ስለዚያ 1,000 ብር እንናገር። ኮሚቴው ልጅቷን ጠርቶ ቢጠይቃት ኖሮ በሁለት ደቂቃ የሚገለጥ ነገር ነበር። ዐሥር ሴት ልጆች ሆነው ዕቁብ ይጥላሉ፤ በሳምንት መቶ መቶ ብር። የእርሷ ዕጣ የወጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እንግዲህ ዐሥሩ መቶ በስልኳ ገባ፤ ከዚያ ውስጥ እርሷ እስከዚያ ቀን የጣለችው 300 ብር ብቻ ነው፤ የቀረው 700 ብር በሰባት ሳምንት ለባልንጀሮቿ የምትመልሰው ዕዳ ነው። ፎርሙ «ያለዎት» ብሎ ጠየቀ፤ እርሷም ያለውን ጻፈች። «የሚፈለግብዎት» የሚል መስመር ስላልነበረ ዕዳዋን የምትጽፍበት ቦታ አላገኘችም። ዕቁብ ደግሞ ከጅጅጋ እስከ ሽንሌ፣ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያልጣለ ሰው የሚታጣበት ነገር አይደለም፤ በእኛ በሶማሊኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሐግባድ ይባላል። ፎርሙን ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ዕቁብተኞች እንደ ሆኑ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ወረቀት ላይ ሲመጡ ሰው ሁሉ ደመወዝተኛ፣ ገንዘብም ሁሉ የባንክ ደብተር ይመስላቸዋል።

ከዚህ በኋላ አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያውስ ጥፋቱ የኮሚቴው ነው፤ የዋሸውን አትንኩት» ብለውናል። በዚህ አንስማማም። የተማረ ሰው ባለጋራው ስለ ተሳሳተ ብቻ ራሱን ንጹሕ አያደርግም። ይህ ገንዘብ የመንግሥት ሣጥን አይደለም፤ ስንት እንዳለ እናውቀዋለን፤ ለአንዱ የተሰጠ መሳፈሪያ ለሌላው የታጣ መሳፈሪያ ነው። ያ ወንድማችን «የለኝም» ብሎ ሲጽፍ ያታለለው ኮሚቴውን ይመስለዋል። እኛ ግን በዚያው ሰሞን ለዕረፍት ወደ አፍደም መሄድ አቅቶት በመኝታ ቤት ብቻውን የቀረውን ልጅ እናውቀዋለን። መምህራኖቻችንም ከደመወዛቸው የሚሰጡት በእምነት ነው። እንዲህ ያለው ወሬ በሻይ ቤት ከተሰማ በሚቀጥለው ወር ማን ያዋጣል?

ነገር ግን እውነተኛውን ምክንያት ሳንናገር ውሸታሙን ብቻ ብንገሥጽ ግማሽ ሥራ ነው። ተማሪው ቁጠባውን የሚደብቀው ሁልጊዜ ከስስት የተነሣ አይደለም። በእኛ አገር ገንዘብ እንዳለው የታወቀ ሰው ገንዘቡ የእርሱ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የአጎት ልጅ ታመመ ይባላል፤ ዝናብ ቀረና እንስሳቱ ከሱ ይባላል፤ የጎሣው ካሣ ይዋጣል ይባላል። ለዚህ መዋጣት ክብር እንጂ ነቀፋ የለንም፤ የዒሳ ሕዝብ ባሕላዊ ሕግ፣ ሔር ዒሴ የሚባለው፣ ሰውን ሁሉ በዋስትናና በመረዳዳት ያስተሳሰረ ነው። ይህ በቃል የሚተላለፍ ሕግ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ፣ ከጅቡቲና ከሶማሊያ በጋራ ቀርቦ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲጻፍ ደስ ካላቸው ሰዎች መካከል ነን። ዳሩ ግን ለሁለተኛው መንፈቅ የፎቶ ኮፒ ዋጋ 500 ብር ያስቀመጠ ተማሪ፣ ፎርሙን ያነበበው የኮሚቴ አባል የአገሩ ልጅ መሆኑን ሲያስብ፣ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ኤረር እንደሚደርስ ያውቃል። ስለዚህ ለኮሚቴው የሚዋሸው ከአክስቱ ለመሸሸግ ነው። በዚህስ እንፈርድበታለን? ከፊሉን አዎን፤ ከፊሉን ግን ፎርሙን በየጠረጴዛው ጥለን የምንሄድ እኛ እንሸከመዋለን።

ሌላም ነገር አለ። የእኛ ትውልድ «ምን ያህል አለህ?» ተብሎ መጠየቅን አልለመደም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ አንሥቶ ለብዙ ዓመታት በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ያለ ክፍያ ነበር፤ የሀብታም ልጅም የድኻ ልጅም አንድ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ የወጪ መጋራትን አመጣ፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህም ተማሪ ሁሉ ውል ይፈርማል። በውሉ መሠረት ከትምህርቱ ወጪ ከመቶ 15፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ይሸከማል፤ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ለዓመታት በቀን 22 ብር የነበረው የተማሪ የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ስላለ የወጪው ልክ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያ ውል ማንንም «ስንት ግመል አለህ?» ብሎ አልጠየቀም። ባለ መቶ ግመል ልጅና የብርቱካን ሻጭ ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ እኩል ዕዳ ይፈርማሉ። እኩልነቱ ያማረ ይመስላል፤ ብዙ ካሰብንበት ግን እንደዚያ አናገኘውም። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ ማን መክፈል ይችላል፣ ማን አይችልም የሚለው ጥያቄ ወደ እያንዳንዳችን እየቀረበ መምጣቱ አይቀርም ብለን እናምናለን። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ደብተር መግዣ ሳይሆን ሙሉ የትምህርት ዋጋ ይሆናል። ስለዚህ አሁን በትንሹ ፎርም ላይ የምንማረው ልማድ በትልቁ ላይ ይከተለናል።

እንግዲህ እውነት ጽፎ የማይጎዳ ሰው እንዴት ይገኛል? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ በኤረር የበረት አጥር ሥር አለ።

በእስልምና ሃይማኖት ዘካ የሚወጣው ሀብቱ አንድ ልክ ሲሞላ ነው፤ ያም ልክ ኒሳብ ይባላል። ለፍየልና ለበግ ኒሳቡ 40 ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ፍየል ያለው ሰው ምንም አይጠየቅም። ከ40 እስከ 120 አንዲት ብቻ ይሰጣል። ለግመል ኒሳቡ አምስት ሲሆን በአምስት ግመል የሚሰጠው አንድ በግ ነው። ሀብቱም በእጁ ዓመት የቆየ መሆን አለበት፤ ትናንት የገባና ነገ የሚወጣ ነገር አይቆጠርም። ለጭነትና ለሥራ የሚያገለግለውን እንስሳ ደግሞ ብዙዎቹ ሊቃውንት ከቁጥር ያወጡታል። የኤረር አርብቶ አደር ይህን ሁሉ ያለ ፎርም፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ተቈጣጣሪ ይቈጥራል። ሁሉም ጻድቅ ነው አንልም፤ እንኳን በሰው ፊት በፈጣሪም ፊት የሚያጭበረብር አይጠፋም። ነገር ግን ሠላሳ ዘጠኝ ፍየል ያለው ድኻ አንዲቱን ወደ ጫካ የሚነዳበት ምክንያት የለውም። ከመነሻው የተተወለት ነገር ስላለ እውነቱ አያስፈራውም።

የእኛ ፎርም ኒሳብ የለውም። ከዜሮ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ነው፤ 300 ብር ያላት እኅትና 30,000 ብር ያለው ነጋዴ ልጅ በአንድ ቃል «አላቸው» ይባላሉ። በዚህ ሚዛን ያላጠራቀመ ይሸለማል፤ በወሩ መጀመሪያ በጫትና በሲጋራ ገንዘቡን የጨረሰው «የለኝም» ብሎ እውነት ጽፎ ይወስዳል፤ ከምሳዋ ቀንሳ ያጠራቀመችው ትባረራለች። በእውነቱ ከውሸታሙ ይልቅ ይህ ያሳፍረናል።

በውጭ አገር ያለውን ብንመለከት ሰዎች በዚህ ጥያቄ ብዙ ደክመውበታል። በአሜሪካ የመንግሥት የተማሪዎች ድጋፍ ፎርም ተማሪውን ስለ ራሱ ቁጠባ ይጠይቀዋል፤ ካለውም ከመቶ 20 ብቻ ለትምህርቱ ያውላል ተብሎ ይታሰባል። ቀድሞ ከመቶ 35 ነበር፤ በዛ ተብሎ ተቀነሰ። እንግዲህ መቶ ያለው መቶውን ቢጽፍ ሰማንያው ለእርሱ ይተዋል ማለት ነው። ቤተ ሰቡ የሚኖርበት ቤትም አይቈጠርም። የሚደንቀው ግን የእርሻው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በጀመረው የትምህርት ዓመት የቤተ ሰብ እርሻና ትንንሽ ንግድ እንደ ሀብት ይቈጠር ተባለ፤ ገበሬዎቹም ልጃችንን ለማስተማር የምናርሰውን መሬት እንሽጥን? ብለው አቤት አሉ፤ በ2025 የወጣ ሕግም ከ2026 ጀምሮ እንዳይቈጠር መለሰው። የአዮዋ ገበሬ ስለ መሬቱ ያለው ነገርና የኤረር እረኛ ስለ እናት ፍየሉ የሚለው ነገር አንድ ሆኖ አገኘነው። ወልዳ ወተት የምትሰጥ ፍየል ቁጠባ አይደለችም፤ የቤቱ ሥራ ናት። የሠባ ሙክት ግን ሌላ ነው፤ ለገበያ የተቀመጠ ስለ ሆነ ቁጠባ ብንለው አንሳሳትም። በዚያው በአሜሪካ ፎርም ሆን ብሎ የዋሸ ሰው እስከ 20,000 ዶላር መቀጫ ወይም እስራት እንደሚጠብቀው በግልጽ ተጽፏል። መጀመሪያ ልክ አበጁ፤ ከዚያ ቅጣት ጻፉ። እኛ ቅጣቱንም ልኩንም አልጻፍንም።

ስለዚህ ለማኅበሩ ጉባኤ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። በተራ ቁጥር ስድስት ላይ አንድ ልክ ይጻፍ፤ የአንድ መንፈቅ የደብተርና የመሳፈሪያ ወጪ ያህል ቢሆን እንወዳለን። ከዚያ በታች ያለው ቁጠባ ቢጻፍም ለውሳኔ አይቈጠር። ከዚያ በላይ ያለውም አመልካቹን አያባርረው፤ የሚሰጠውን ከፊል ይቀንስ እንጂ። በቴሌብር፣ በሄሎካሽ፣ በኢብር ያለው ሁሉ ገንዘብ ስለ ሆነ ይጻፍ፤ በወንድም ስም ያለውም ባለቤቱ ተማሪው ከሆነ ይጻፍ። የዕቁብ ዕዳና ብድር የሚጻፍበት መስመር ይጨመር። ስለ እንስሳ የሚያውቅ አንድ ሰው በኮሚቴው ውስጥ ይኑር፤ ባለፈው ጊዜ አንዱ አባል ሁለት ፍየል ሲሰማ ሁለት በሬ የሰማ ያህል ደንግጦ ነበርና። የአመልካቹ ስም ደግሞ በሌላ ወረቀት ይሁን፤ ገንዘቡን የሚያነብ ሰው የማን መሆኑን አይወቅ። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ «የለኝም» ብሎ ሲዋሽ የተገኘ የወሰደውን ይመልስ፤ በዓመቱም አያመልክት።

አንድ የምናከብራቸው መምህራችን ሐሳቡን ሰምተው፣ «ልክ ካበጃችሁ ሁሉም ከልኩ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ይጽፋል» አሉን። ልክ ናቸው፤ ጥቂቶች ይጽፋሉ። አሁን ግን ሁሉም ዜሮ ነው የሚጽፈው። ከዜሮ ምንም አይታወቅም፤ ከልኩ በታች ከተጻፈው ግን ማን እንዳጠራቀመ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ማን ከቤቱ ምንም እንደማይላክለት ይታወቃል። ሌላው ወንድማችን ደግሞ «የቀበሌ ማስረጃ ካለ ስለ ቁጠባ መጠየቅ ለምን አስፈለገ?» ብሏል። የቀበሌ ጸሓፊ ቤቱን ያያል እንጂ ስልኩን አያይም። ማስረጃውም ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል ሲባል እንሰማለን፤ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ድኻው እነ እገሌ ነው ብሎ ስም ጠርቶ እንደሚለይበት እንደ ሴፍቲኔቱ አሠራር አይደለም። እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለን ሰዎች ከየአገሩ ተሰብስበን የማንተዋወቅ ስለ ሆንን በፎርሙ ላይ ከተጻፈው ቃል በቀር ማስረጃ የለንም።

የጉባኤው ቀን እስኪደርስ ድረስ ፎርሙ እንደ ነበረ ነው። በዚህ መካከል የሚያመለክቱ ጓደኞቻችን ምን ያድርጉ? ያላቸውን ይጻፉ። ቦታ ካጣ በጀርባው ይጻፉ፤ ዕዳውንም፣ ዕቁቡንም፣ ፍየሉንም። እኛ የኮሚቴው አባላት የሆንን ሁለታችን ጀርባውን ሳናነብ እጃችንን እንደማናወጣ በዚህ ጋዜጣ ፊት ቃል ገብተናል። ለዚያ ወንድማችንም ነግረነዋል፤ ግማሹን መልሷል፤ ቀሪውን ደግሞ መንፈቁ ሳያልቅ አመጣለሁ ብሏል። ስሙን ያልጻፍነው ስለዚህ ነው።

ለኤረሯ እኅታችን ፎርሟ እንደገና እንዲታይላት ጥያቄ አቅርበናል። አዲስ ፎርም ወስደን ብንሰጣት አንብባ ተራ ቁጥር ስድስት ላይ ስትደርስ ቆመች። ከሁለቱ ፍየሎች አንዲቱ ባለፈው ሳምንት መውለዷን አያቷ በስልክ ነግረዋታል። ግልገሉን ልጻፈው ወይስ አልጻፈው? ብላ ጠየቀችን። በጀርባው ጻፊው አልናት።